ምዕራፍ ሰባት ላይ ያለው የደሴ ገበያ

ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቴ ብዙው ጠፍቶብኛል። ግራፎቹን ረስቻለሁ። ቀመሮቹንማ ፈተና ባለቀ ማግስት ነው የተሰናበትኳቸው። አንድ ምዕራፍ ግን አልለቀቀኝም። ይኸው ዛሬም ገበያ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

መጽሐፉ የአማርትያ ሴን ነው። ሰውየው ህንዳዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልሟል። መጽሐፉ የወጣው ግን ከሽልማቱ ብዙ ቀድሞ፣ በ1981 ነው። ርዕሱ በአማርኛ «ድህነትና ረሀብ» ቢባል ያስኬዳል። መምህራችን ሙሉውን አንብቡ አላለንም። አንዱን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ በስቴፕለር አያይዞ አደለን። ምዕራፍ ሰባት። ስለ ኢትዮጵያ ረሀብ። ስለ ኢትዮጵያ ይበል እንጂ አብዛኛው ስለ ወሎ ነው፤ የ1965ቱ እና የ1966ቱ ረሀብ።

እኛ ደግሞ የተቀመጥነው ደሴ ነው። በመስኮቱ የጦሳ ተራራ ይታያል።

ከገጾቹ በአንዱ ላይ ሠንጠረዥ አለ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎ ተደርድረዋል። ከጎናቸው ዋጋ። የደሴ ገበያ ዋጋ። ፎቶ ኮፒው ደብዝዞ አንዳንዱ ቁጥር 3 ይሁን 8 አይለይም ነበር። ቸካዮቹ ወዲያው በቀይ እስክርቢቶ አሰመሩበት። እኔ ግን ዓይኔ «ደሴ» የሚለው ላይ ቀረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወሎ በትምህርት መጽሐፍ ሲነሳ ወይ ንጉሥ ሚካኤልና ሰገሌ ነው፣ ወይ ደግሞ የረሀብ ፎቶ። የሽንኩርትና የጤፍ ገበያችን እንዲህ ከዓለም መጽሐፍ ገብቶ አላየሁም።

ከዚያ ሠንጠረዡ የሚለውን አየሁ። የተጻፈው እንዲህ ነው፤ ሰው በሚያልቅበት በዚያ ዓመት ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልወጣም። ከረሀቡ በፊት ከነበረው ዋጋ ብዙም ፈቀቅ አላለም።

ይሄ እንዴት ይሆናል? እኛ የምናውቀው ረሀብ ሲመጣ እህል ይጠፋል፣ እህል ሲጠፋ ዋጋ ሰማይ ይነካል። የመንደር ሽማግሌም፣ የመጀመሪያ ዓመት የኢኮኖሚክስ መማሪያም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ሴን ግን ሌላ ነገር ነው ያለው። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ምርት ቀንሷል፤ ግን ከመደበኛው በ7 በመቶ ገደማ ነው። 7 በመቶ አገር አይጨርስም። ወሎ ላይ ግን ጉዳቱ የከፋ ነበር። የ1964ቱ ክረምት ዝናብ ከዳ፣ ቀጥሎ የ1965 በልግም ቀረ። በልግ ላይ የቆመ የወሎ ደጋ በልግ ሲቀርበት ምን እንደሚሆን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

እሺ፣ ወሎ ላይ እህል ከጠፋ ከሌላው ክፍለ ሀገር ለምን አልመጣም? መንገድ የለም እንዳይባል ከአዲስ አበባ አስመራ የሚሄደው አውራ ጎዳና ወሎን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። የሴን መልስ አጭር ነው። እህል የሚሄደው የተራበ ወዳለበት ሳይሆን ገንዘብ ወዳለበት ነው። ሰብሉ የወደመበት ገበሬ የሚበላውም የሚሸጠውም አጣ። የሚሸጠው ካጣ ብር የለውም። ብር ከሌለው ገበያ ላይ ቢቆምም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ገዢ ከሌለ ደግሞ ዋጋ ለምን ይወጣል? እንዲያውም ምዕራፉ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር የተነገረውን ያነሳል። የተራበው ሰው መንገድ ዳር ቆሟል፤ እህሉ በፊቱ ያልፋል።

ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ወሎዬ ነበርን። የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች አሉ። ከገጠር የመጣን አለን። አንዱ የደሴ ልጅ እጁን አወጣና «እኛ ቤት ግን በስድሳ ስድስት የተራበ የለም» አለ። «አያቴ የሚነግረኝ በር ላይ ስለሚቆሙ ለማኞች ነው።»

ከኋላ አንዱ «በር ላይ የቆሙት የኛዎቹ ናቸዋ!» አለው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ቶሎ ነው ያለቀው። መምህራችን ጥቂት ዝም ብሎ ወደ ሠንጠረዡ ጠቆመ። «ሁለታችሁም የተናገራችሁት እዚህ አለ» አለ። «የደሴ ሰው ደሞዝ አለው፣ ሱቅ አለው። ዋጋ ካልወጣበት እንደ ልማዱ ገዝቶ ይበላል። ያ ዋጋ ያልወጣው ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው መግዛት ስላልቻለ ነው።»

ያ ንግግር እስካሁን ይከነክነኛል። አንዱ ቤት ጠግቦ ያደረበት ምክንያትና ሌላው ቤት የተራበበት ምክንያት አንድ ነው ማለት እኮ ነው።

ከዚያ ዝርዝሩ መጣ። ሴን ማን ተራበ ብሎ ይጠይቃል። «የወሎ ሕዝብ» ብሎ አያልፍም፤ በየሥራቸው ይለያቸዋል። የአፋር አርብቶ አደሮች። ከጌታቸው ቤት የተባረሩ የእርሻ አሽከሮችና ጥገኞች። ጭሰኞች። ትንሽ መሬት ያላቸው ገበሬዎች። የከተማ ቀን ሠራተኞች። ሰው ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች። ሸማኔዎችና ሌሎች ባለ እጆች። መጨረሻ ላይ ደግሞ በልመና የሚተዳደሩ። ለማኝም በረሀብ ጊዜ ገበያው ይቀዘቅዛል። የሚሰጠው ሰው ራሱ ሊለምን ወጥቷልና።

ሸማኔ የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ። አያቴ ሸማኔ ነበር።

እኔ አልደረስኩበትም። ያሳደገኝ ታሪኩ ነው፤ የነገረችኝም ሚስቱ፣ አያቴ ናት። ከውጫሌ ወጣ ብሎ ነው ቤቷ። እናቴም እኔም «እማማ» ነው የምንላት። እማማ ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበራት። «እህልማ ነበረ» ትላለች። «ገበያው እህል ሞልቶት። አላህ ያውቃል፣ ነበረ።» ትልልቆቹ ሰዎች ይሰሟትና ፊታቸውን ወደ ቡናው ያዞራሉ። ረሀብ ነበረ ተብሎ እህል ነበረ? አይጥምም። ማንም ግን አልተከራከራትም።

የዚያን ሴሚስተር እረፍት ሃንድአውቱን ይዤ ሄድኩ። ቡናው አቦል ደርሷል። ዶቃና ጥጥ የምታኖርበት ሰፌድ ጭኗ ላይ ነው። ዓይኗ ደክሞም እንዝርቱን አልተወችም ነበር፤ ጣቷ ራሱ ያውቀዋል። ሠንጠረዡን በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ጤፍ ይሄን ያህል። ማሽላ ይሄን ያህል። እንዝርቱ ቆመ።

«የየት ሰው ናቸው ይሄን የጻፉት?»

«የህንድ ሰው ነው፣ እማማ።»

«ህንድ አገርም ይራባሉ?»

ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1943 ቤንጋል በሚባል አገራቸው ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው የፈጀ ረሀብ ነበር። ሰውየው ያኔ ልጅ ነበር፤ በዓይኑ አይቶታል። የመጽሐፉም ምዕራፍ ስድስት እሱ ነው። እማማ ጥጧን አነሳች። «እንግዲያው ያውቁታል» አለች። ከዚያ በኋላ ሰውየውን አልጠየቀችም። ስለ ራሷ ነው ያወራችው።

«አያትህ ያን ዓመት የሸመነው ጋቢ ነበር። ይዘነው ወጣን። ገበያው ጋቢ በጋቢ! ሰው ሁሉ የለበሰውን አውልቆ ሊሸጥ ወጥቷል። ያረጀውንም፣ የሠርጉንም። ታዲያ አዲስ ጋቢ ማን ይገዛናል? ድሮ እህል በቁና የምናመጣበትን ጋቢ በጣሳ ጠየቁን። እህሉ እኮ እዚያው ነው። ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ተቀምጧል። ማሽላው ነጭ ነበር።»

እዚህ ላይ ሴን ብዙ ገጽ የፈጀበትን ነገር ነው እማማ በአንድ ትንፋሽ የነገረችኝ። የማሽላ ዋጋ አልወጣም። የወደቀው የጋቢ ዋጋ ነው። ለሸማኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። እህል የሚያገኘው በማረስ ሳይሆን በመሸመን ነው፤ መሸመኑ እህል ማምጣት ሲያቅተው ጎተራው የተቃጠለ ያህል ነው። ጎረቤቱ ገበሬ ደግሞ ሰብሉ ስለጠፋ ጋቢ አይገዛም። ገበሬው የተራበው በዝናቡ ነው። ሸማኔው የተራበው በገበሬው ነው። ዝናቡ ሸማኔውን በቀጥታ አልነካውም።

አፋሮቹም ጋ ተመሳሳይ ነገር ነው የሆነው፤ በእነሱ ግን ሌላም ተደረበ። ድርቁ ከብቱን ገደለ። የተረፈው ከብት ዋጋ ወደቀ፣ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው ለመሸጥ የሚነዳው። በዚያ ላይ በበጋ ወርደው የሚያግጡበት የአዋሽ ዳር መሬት ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወስዶባቸዋል። የተንዳሆን እርሻ የሚያውቅ ያውቃል። ድርቅ ድሮም ነበር፤ ድርቅ ሲመጣ የሚሄዱበት ቦታ ግን ከእነሱ ወጥቶ ነበር። ከምዕራፉ ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ይሄ ክፍል ነው ብዬ አስባለሁ። «ድርቅ ገደላቸው» የሚለውን አባባል ከዚያ በኋላ እንዲሁ መዋጥ አልቻልኩም።

ምዕራፍ ስድስትን በኋላ ከላይብረሪ ፈልጌ አነበብኩት። የሚገርመው ቤንጋል ላይ የሆነው የእኛ ተቃራኒ ነው። ጊዜው የዓለም ጦርነት ነው። ካልካታ ላይ ገንዘብ በዛ፣ የሩዝ ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ የገጠሩ ቀን ሠራተኛ ደመወዙ እዚያው ቆሞ ቀረ። ዋጋው አመለጠው። ወሎ ላይ ደግሞ ዋጋው ቆሞ ገቢው ነው የጠፋው። ያኛው በሞቀ ገበያ የመጣ ረሀብ ነው፣ የእኛው በቀዘቀዘ ገበያ። ሁለቱን አስከትሎ ያላነበበ ሰው ምዕራፍ ሰባት ሙሉ በሙሉ ይገባዋል ብዬ አላምንም።

በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ ምን ታደርግ ነበር? ይሄ ብዙ ስለተባለ በአጭሩ ልለፈው። መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ሸፋፈነው። በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶ ይዘው ተመለሱ፤ ተማሪውም ተነሳ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም ያኔ ሰማ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀጣጥሎ በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መጽሐፋችን የወሎን ረሀብ የሚያነሳው ለዚህ ሲል ነው፤ ከአብዮቱ መንስኤዎች እንደ አንዱ። ዘውድ ስለወደቀበት ነው የምንታወሰው። የእማማ ጋቢ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ምዕራፍ ሰባትን የወደድኩት አንድም ለዚህ ነው፤ ስለ ዘውዱ ብዙ አይጨነቅም።

ሁሉን ግን አልቀበለውም። ደሴ ወሎ አይደለችም። ደሴ አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። የሸዋ በርና የሰኞ ገበያ ዋጋ ከአምባሰል ገደል ማዶ ላለ ሰው ምን ይነግረዋል? ደላንታ ወይም ዋድላ ላይ እህል በአህያ ጀርባ ነው የሚገባው፤ አህያዋም በዚያ ዓመት ሞታለች። በእንዲህ ያለው ቦታ እህል ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ብር ብቻ አይደለም። ይሄን ነጥብ አንስተው ሴንን የተቹ ተመራማሪዎች አሉ፤ የአንድ ከተማ ዋጋ ለመላው ክፍለ ሀገር አይመሰክርም ብለዋል። ልክ ናቸው። ውጫሌ መንገድ ዳር ናት። እማማ እህሉን ያየችው መንገድ ዳር ስለነበረች ነው። ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሰው ብትጠይቁት ሌላ ይነግራችኋል።

ሌላው፣ ምዕራፉ ስለ ጭሰኛው ያወራል፤ ስለ ባላባቱ ግን እኔ የምፈልገውን ያህል አይቆይም። እማማ ድርሻ ለመቀበል የሚመጣውን ሰው በቅሎ ቀለም ሳይቀር ታስታውሳለች። ሰብሉ ግማሽ ቢሆንም የጌታው ግማሽ አይቀርም ነበር። የካቲት 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ውጫሌ ላይ የተጨፈረው ለዚያ ነው። ከዚያ ደግሞ ጌታም ጭሰኛም በሌለበት የሰባ ሰባቱ ረሀብ መጣ። መጽሐፉ ሲታተም ሰባ ሰባት ገና አልደረሰም። ኮረም አልነበረም፤ የባቲ መጠለያ አልነበረም። አንድ የወሎ ልጅ ግን ምዕራፉን ሲያነብ ሰባ ሰባትን ጎን ለጎን ሳያስቀምጥ ማንበብ አይችልም። ያኔስ ማን ነው እህል የማግኛ መንገዱን ያጣው? ጦርነቱ ስንቱን መንገድ ዘጋ? የፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምን ጥናት፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ለረሀብ እንዴት እንደተጋለጠ የጻፉትን፣ ከዚህ ምዕራፍ ጋር አብሮ ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ሴን ገበያውን ያሳያችኋል። መስፍን ገበሬው ትከሻ ላይ የተቀመጠውን ያሳዩአችኋል።

ፈተናው ላይ ይሄው ምዕራፍ መጣ። «ገበያ ላይ እህል እያለ ሰው እንዴት ሊራብ እንደሚችል በምሳሌ አስረዳ» ነው የሚለው። ሌላው ሁሉ ሠንጠረዡን ጻፈ። እኔ ሸማኔውን ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ጠርዙ ላይ በቀይ «ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ምንጭ ይጠቀስ» ተብሏል። ደግ መምህር ነበር፤ ነጥብ አልቀነሰብኝም። ጓደኞቼ ግን «እማማ፣ ውጫሌ፣ ያልታተመ» እያሉ ዓመቱን ሙሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዞኛል። አጎቴ ባቲ ነው የሚኖረው። የባቲን የሰኞ ገበያ ቆሞ ላላየው ሰው መግለጽ ይከብዳል፤ አፋሩ ከቆላ በግመል፣ ኦሮሞውና አማራው ከላይ በአህያ እየነዱ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ፍየል ወዲህ ይወጣል፣ እህል ወዲያ ይወርዳል። ሰኞ ማታ ስደውልለት ከሰላምታው ቀጥዬ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። ፍየል ስንት ዋለ? በቆሎስ? አንዱን ብቻ አልጠይቅም። በቆሎ ተወደደ ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ፍየልም አብሮ ከተወደደ አፋሩ ይበላል። በቆሎ ባለበት ቆሞ ፍየል ከወረደ ግን ነገር አለ፤ ሬዲዮ ስለ ድርቅ ሳያወራ በፊት።

አጎቴ መጀመሪያ ፍየል ልነግድ መስሎት ነበር። አሁን ለምዶኛል። ባለፈው ሲነግረኝ ሳቅ አለና «አንተ ልጅ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠይቀኝ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ።

«ነጋዴዎቹስ አይጠይቁህም?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ነጋዴማ መች ይጠይቃል» አለ። «ነጋዴ ያውቀዋል። ፍየሏ የምትወርድበትን ቀን ጠብቆ አይደል መኪና ይዞ የሚመጣው?»